አንድ ዓምድ ብቻ

186 መስመር ያለውን የንዑስ ተቋራጭ ሰርተፊኬት (የተሠራው ሥራ ተለክቶ ክፍያ የሚጠየቅበትን ሰነድ) የግንባታ ክፍያ ሶፍትዌር ላይ መስመር በመስመር መሙላት ግማሽ ቀን ይበላል። ከኤክሴል በጅምላ መጫን ግን ቡናው ሳይፈላ ያልቃል። ስለዚህ ሁሉም ኦፊስ ኢንጂነር በጅምላ መጫን ይወዳል፤ እኔም አልቃወምም። ችግሩ በእጅ የሚሞላ ሰው ሲሳሳት አንድ መስመር ያበላሻል፤ በጅምላ የሚጭን ሰው ሲሳሳት 186ቱንም ያበላሻል፣ ያውም ድምሩ ተደምሮ፣ ሰንጠረዡ አምሮ፣ ስህተቱ ለዓይን የማይታይ ሆኖ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። እዚህ የሚፈሰው የሰው ገንዘብ ስለሆነ መልቀሙም ቀላል አይደለም።

ሶፍትዌሩ «ኢንቮይስ» የሚለው ሳይት ላይ ሰርተፊኬት ወይም ባጭሩ «ክፍያ» የምንለውን ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ፎቆች ጀምሮ ጣርማ በርን ወርዶ እስከ ሸዋሮቢት፣ በመንዝ በኩልም እስከ መሐል ሜዳ፣ ዋናው ተቋራጭ በራሱ ሰው ብቻ የሚጨርሰው ግንባታ ጥቂት ነው። ግንበኛው፣ ለሳኙ፣ ፌራዮው (ብረት አሳሪው)፣ አናጢው፣ የሳኒተሪውና የኤሌክትሪኩ ሰው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ውል አላቸው። ብዙዎቹ ውሎች የእጅ ዋጋ ብቻ ናቸው፤ ሲሚንቶው፣ ብሎኬቱና ብረቱ ከዋናው ተቋራጭ መጋዘን ይወጣል። በአንድ ህንጻ ላይ በወር ስድስትና ሰባት ሰርተፊኬት ይዘጋጃል ማለት ነው፤ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ይጠየቃሉ።

በጅምላ ማደስ (ሁሉንም መስመር በአንድ ፋይል መቀየር) ላይ ያለኝ አቋም አንድ ነው፤ ሌላውን ብትረሱት ግድ የለኝም። በሚጫነው ፋይል ውስጥ የሰው እጅ የሚነካው ዓምድ አንድ ብቻ ይሁን፦ እስከ ዛሬ የተሠራው ጠቅላላ መጠን። የዚህ ወር መጠን አይጻፍም፣ ይሰላል። ብሩ አይጻፍም፣ ይሰላል። መያዣውም (ርክክብ እስኪደርስ ከክፍያው የሚያዘው)፣ የቅድሚያ ክፍያው ተመላሽም፣ ቫቱም እንዲሁ። ከአንድ በላይ ዓምድ በእጅ የተሞላበት ፋይል ሲመጣልኝ አልጭነውም፤ መልሼ እልከዋለሁ።

ምክንያቱ በቁጥር ይታይ። መስመር 3.10 ባለ 20 ሴንቲ የብሎኬት ግድግዳ ነው እንበል። የውል መጠኑ 1,240 ካሬ፣ የእጅ ዋጋው ለምሳሌ ያህል 180 ብር፣ እስካለፈው ወር የተከፈለው 610 ካሬ። አሁን ቴክኦፍ (የሥራው ልኬት ስሌት) ሲሠራ ግድግዳው በጠቅላላ 835 ካሬ ደርሷል። የዚህ ወር 225 ካሬ፣ ክፍያው 40,500 ብር ነው። አንድ ሰው 225ን ጠቅላላ መጠን ዓምድ ውስጥ ቢጥለው ሶፍትዌሩ ከ225 ላይ 610 ይቀንስና ንዑስ ተቋራጩ 69,300 ብር ይመልስ ይላል። ይሄ ደግ ስህተት ነው፤ ቀይ ለብሶ ይጮኻል። ክፉው የተገላቢጦሹ ነው። 835 «የዚህ ወር» ዓምድ ላይ ከገባ 150,300 ብር ይወጣል። ጠቅላላው 1,445 ካሬ ሆኖ ከውሉ ስለሚያልፍ ይሄም ይያዝ ይሆናል። ሥራው ገና በሁለተኛ ወሩ ላይ ከሆነስ? ከዚህ በፊት 200 ካሬ፣ አሁን በጠቅላላ 350። 350 የዚህ ወር ተብሎ ሲጫን ድምሩ 550 ነው፤ ከ1,240 በታች ስለሆነ የሚጠይቅ የለም። በ27,000 ብር ፋንታ 63,000 ብር ይከፈላል። ስህተቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ግድግዳው ሊያልቅ ሲል መጠኑ ከውሉ ሲዘል ነው። ያኔ ንዑስ ተቋራጩ ሰዎቹን ይዞ ሌላ ከተማ ገብቷል።

ጠቅላላ መጠን መጻፍ ሌላም ጥቅም አለው። ባለፈው ወር 610 የተባለው በትክክል ሲለካ 598 ቢሆን፣ የዚህ ወር ጠቅላላ በትክክል ተለክቶ ሲገባ የ12 ካሬዋ ትርፍ በራሷ ትቀነሳለች። ማንም ደብዳቤ አይጽፍም። የየወሩን ብቻ የሚጽፍ ሰው ግን ያችን 12 ካሬ እስከ መጨረሻው ሂሳብ ተሸክሟት ይሄዳል።

ይህ ሥርዓት ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ነገር ይፈተናል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሳይጠነክር ውርጭ ያገኘው ልስን ውሃው በውስጡ በረዶ ይሆንና ይፈረካከሳል። ባለፈው ወር 420 ካሬ ተለክቶ የተከፈለ የውጭ ልስን በዚህ ወር 40 ካሬው ውድቅ ቢደረግና አዲስ ካልተሠራ፣ እውነተኛው ጠቅላላ 380 ነው፤ የወሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 40። አሉታዊ መጠን የማይቀበል ሶፍትዌር አለ። አንዳንዱ ፋይሉን እንዳለ ይመልሰዋል፤ ይሄ ይሻላል። አንዳንዱ ያችን መስመር ብቻ ዘሎ ሌላውን ይጭናል፤ ስለዘለለው ነገር የሚናገረው በጭነቱ ማጠቃለያ ታች በትንሽ ጽሑፍ ነው። ይህ ሲያጋጥም መጠኑን 420 ላይ አቁሞ «የተናደ ልስን ተቀናሽ» የሚል የራሱ መስመር መክፈት ነው፤ 40 ካሬ በዚያው ዋጋ። ልስኑ ሲታደስ ተቀናሹ መስመር ወደ ዜሮ ይመለሳል። ለሳኙም ምን እንደተቀነሰበት በዓይኑ ያያል።

መቶኛን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ፕሮኮርን የመሰሉ አሜሪካ የተሠሩ ሶፍትዌሮች የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር ያወጣቸውን ጂ702 እና ጂ703 የሚባሉ የክፍያ ቅጾች መንገድ ይከተላሉ። በዚያ ቅጽ አንድ መስመር የተወሰነ ዋጋ አለው፤ በየወሩ የሚጠየቀው ከዚያ ዋጋ ምን ያህሉ እንደተሠራ ነው። ዓምዶቹም ከበፊት የተሠራ፣ በዚህ ጊዜ የተሠራ፣ ሳይት ላይ የተከማቸ ዕቃ፣ ጠቅላላ፣ መቶኛ፣ ቀሪ፣ መያዣ እያሉ ይሄዳሉ። ለቁርጥ ዋጋ ውል ይህ መልካም ነው። እኛ ጋ ያለው የንዑስ ተቋራጭ ውል ግን በአብዛኛው በልኬት የሚከፈል ነው። ቢል ኦፍ ኳንቲቲ (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ላይ ያለው 1,240 ካሬ ግምት ነው፤ ክፍያው የተለካው ነው። ግድግዳው አልቆ 1,310 ካሬ ቢመጣ «100 በመቶ» የሚለው አዝራር 70 ካሬ ይውጣል፤ 1,190 ቢመጣ ደግሞ ያልተሠራ 50 ካሬ ይከፍላል። ሁሉንም መርጦ «60 በመቶ አድርግ» ማለት በጣም ይማርካል፤ በአንድ ጠቅታ ሰርተፊኬት ይወጣል። እንደ በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ይሉታል ይሄንን። በመቶኛ የሚጫኑት በቁርጥ የተዋዋላችሁባቸው መስመሮች ብቻ ይሁኑ፤ የሳይት ዝግጅት፣ መወጣጫ ማቆምና ማፍረስ፣ ጽዳት የመሳሰሉት። እነሱን በሌላ ፋይል ለብቻ ጫኑ።

አሁን ወደ ፋይሉ።

3.10 የሚለውን ኮድ ለምሳሌ የመረጥኩት በአጋጣሚ አይደለም። ኤክሴል 3.10ን ቁጥር ነው ብሎ ያስብና 3.1 ያደርገዋል። 3.1 ደግሞ አስቀድሞ አለ፤ ከመሬት በታች ያለው የጥቁር ድንጋይ ግንብ ነው፣ በሜትር ኩብ የሚለካ። አሁን ፋይሉ ውስጥ ሁለት 3.1 አሉ። ሶፍትዌሩ ኮዱን እያየ ሲያድስ መጀመሪያ የግንቡን መጠን ያስገባል፣ ወረድ ብሎ ሁለተኛውን 3.1 ሲያገኝ በላዩ ላይ 835 ይጽፍበታል። የድንጋይ ግንቡ 835 ሜትር ኩብ ሆነ፤ ብሎኬቱ በ610 ቆመ። 3.20ም 3.2 ይሆናል፣ 4.10ም 4.1። 3-4 ብላችሁ በሰረዝ ከጻፋችሁት ደግሞ ኤክሴል ቀን ያደርገዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ አለመክፈት። ባዶ ኤክሴል ተከፍቶ ከ«ዳታ» ሥር የሲኤስቪ (ተራ ጽሑፍ የሆነ የሰንጠረዥ ፋይል) ማስገቢያው ይመረጣል፤ ሲመጣ የኮዱ ዓምድ ዓይነት «ቴክስት» ይደረጋል። ከዚህ የሚሻለው ግን ውሉ ሲመዘገብ ኮዱን 3.01፣ 3.02፣ 3.10 ከማለትም አልፎ ፊደል መጨመር ነው፦ ግ-3.10። እንዲህ የአማርኛ ፊደል ያለበትን ኮድ ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ አይነካውም።

ኮዱ አስቸጋሪ ሆነብን ብለው በሥራው መግለጫ የሚያዛምዱ አሉ። በአማርኛ ይሄ የባሰ ነው። «የልስን ሥራ» እና «የልስን ስራ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ሁሉም እንዲሁ። አሁን እኔ «ዓምድ» እያልኩ ነው፤ ሌላው «አምድ» ይላል፤ ማናችንም አልተሳሳትንም፣ ሶፍትዌሩ ግን አያገናኘንም። ያንኑ የኮንክሪት ወለል አንዱ «ሶሌታ» ይጽፈዋል፣ አንዱ «ስላብ»። አንዱ ከቃል በኋላ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ አንዱ ሁለት ነጥብ ያደርጋል። ውሉ በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፊደል ተጽፎ ከሆነማ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሲገባ ፊደል ሳይሆን የተዘበራረቀ ምልክት ነው የሚሆነው። ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ያስፈልጋል።

ፊደሉ ትክክል ሆኖም አቀማመጡ ያጠፋዋል። ኤክሴል ውስጥ ተራውን ሲኤስቪ መርጣችሁ ካስቀመጣችሁ የአማርኛው መግለጫ በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። ከዝርዝሩ ውስጥ አማርኛን የሚይዘውን፣ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ሲኤስቪ ምረጡ። በዚህ ስህተት የተጫነ ፋይል የ186 መስመር መግለጫ በጥያቄ ምልክት ሊተካ ይችላል። ስለዚህ የመግለጫውን ዓምድ ከሚጫነው ፋይል ላይ ጨርሶ አውጡት። ኮዱና ጠቅላላ መጠኑ ይበቃል፤ ያልተላከ ዓምድ አይበላሽም።

ቴክኦፉን ከፋይሉ ጋር ለማገናኘት ቪሉክአፕ (ኮዱን ፈልጎ ቁጥሩን የሚያመጣ የኤክሴል ቀመር) የሚጠቀሙ ሰዎች የመጨረሻዋን ዜሮ አይርሱ። ያቺ ዜሮ ከሌለች ኤክሴል ትክክለኛውን ኮድ ሳይሆን ተቀራራቢውን ያመጣል፤ ስህተት ነው አይልም፣ ጎረቤቱን መስመር ይሰጣችኋል። ሌላው ፊልተር ነው። የግንብ መስመሮችን ብቻ በፊልተር አውጥታችሁ ከሌላ ፋይል የቀዳችሁትን 20 ቁጥር ስትለጥፉ፣ ቁጥሮቹ የሚታዩት መስመሮች ላይ ብቻ አይደለም የሚወርዱት፤ የተደበቁትም ላይ ይወርዳሉ። ፊልተሩ ሲነሳ የፌሮው መስመር የብሎኬት መጠን ይዞ ይገኛል። ከመለጠፍ በፊት ፊልተሩን አንሱ፣ ዝርዝሩን በኮድ ቅደም ተከተል አስይዙ። ስትለጥፉም ቀመሩን ትታችሁ ቁጥሩን ብቻ ለጥፉ።

ስለ ፌሮ ከተነሳ መለኪያውም ይታይ። የብረት ክብደት የሚሰላው ውፍረቱ በሚሊ ሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል ነው፤ ባለ 12ቱ በሜትር 0.889 ኪሎ፣ የ12 ሜትሩ አንድ ዘንግ 10.67 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ፌራዮው ግን የሚያወራው በኩንታል ነው፤ መጋዘኑም አንዳንዴ በኩንታል ይመዘግባል። ውሉ በኪሎ ሆኖ 84.6 ከተጫነ ለ8,460 ኪሎ ሥራ የ84.6 ኪሎ ይከፈላል። ፌራዮው ይህን ስህተት ከእናንተ ቀድሞ ያገኘዋል። በአሸዋና በገረጋንቲም እንዲሁ ነው፤ ቢያጆ (የመኪና ምልልስ) የሚቆጥር ሰው አለ፣ ውሉ ደግሞ ሜትር ኩብ ይላል። የሚጫነው ፋይል ላይ የመለኪያ ዓምድ ይኑር፤ አይጫንም፣ ከሶፍትዌሩ ከወጣው መለኪያ ጋር ብቻ ይነጻጸራል።

ከኮዱ ሌላ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ መስመር የሰጠው የውስጥ መለያ አለ። ኦዱ የሚባለውን የድርጅት ሶፍትዌር ለሚጠቀሙ ይህ ወሳኝ ነው። ከኦዱ ዝርዝር ስታወጡ ለማደስ የሚሆነውን ዓይነት ካልመረጣችሁ መለያው አይወጣም። መለያ የሌለው ፋይል ሲጫን ኦዱ «አድስ» ሳይሆን «አዲስ ፍጠር» ነው የሚረዳው፤ 186ቱ መስመር 372 ይሆናል፣ ሰርተፊኬቱም ድርብ። ጥሩነቱ ከመጫኑ በፊት «ሙከራ» የሚል አዝራር አለው። ሙከራው ግን የፋይሉን ቅርጽ ነው የሚያየው፤ 3.10 እና 3.1 መቀላቀላቸውን አይነግራችሁም። የጸደቀ ደረሰኝም መጀመሪያ ወደ ረቂቅ ካልተመለሰ መጠኑ አይነካም፤ ይሄኛው አጥር ሊያናድድ ይችላል፣ እኔ ግን እወደዋለሁ።

ዋጋ በጅምላ መቀየር ከሁሉም የከፋ አደጋ አለበት። ኑሮ ተወደደ፣ ከንዑስ ተቋራጩ ጋር አዲስ ዋጋ ተስማማችሁ እንበል፤ የብሎኬቱ እጅ ከ180 ወደ 215 ብር። ሁሉንም መርጦ ዋጋውን መቀየር ይቻላል፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ጠቅላላ መጠንን በዋጋ አባዝቶ ከዚህ በፊት የተከፈለውን ስለሚቀንስ፣ አዲሱ ዋጋ አሮጌውን 610 ካሬም ይይዘዋል። በ35 ብር ልዩነት 21,350 ብር፣ ማንም ያልተስማማበት፣ በአንድ መስመር ላይ ብቻ። 186 መስመር ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ትክክለኛው መንገድ ረዘም ይላል። ዋጋው በተቀየረበት ቀን ልኬት ይወሰዳል። አሮጌው መስመር በዚያ ልኬት ላይ ይዘጋል፤ 610 ላይ ከሆነ የውል መጠኑም 610 ይደረጋል። ቀሪው 630 ካሬ ግ-3.10ሀ በሚል አዲስ መስመር በ215 ብር ይከፈታል። ይህ የሚደረገው የተፈረመ የውል ማሻሻያ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ማሻሻያው ሶፍትዌሩ ውስጥ እንደ ለውጥ ትዕዛዝ ይመዘገባል እንጂ ሰርተፊኬቱ ላይ በጓሮ አይገባም።

መያዣ ላይ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ መያዣን በየመስመሩም በጠቅላላውም የሚያስሞላ ሶፍትዌር አለ። በየመስመሩ 5 በመቶ በጅምላ አስገብታችሁ ግርጌውም ላይ 5 በመቶ ካለ፣ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ ጊዜያዊ ርክክብ ሲደርስ ግማሹ መያዣ የሚለቀቅበት ውል ከሆነ ቁጥሩን ከ5 ወደ 2.5 መቀየር ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። መያዣው በጠቅላላው ላይ የሚሰላ ከሆነ፣ ጠቅላላ ሥራው 1,862,400 ብር ሲሆን መያዣው ከ93,120 ወደ 46,560 ይወርዳል፤ ልዩነቱ ወዲያው ለክፍያ ይወጣል። በዚህ ወር ሥራ ላይ ብቻ የሚሰላ ከሆነ ግን ያለፈው መያዣ እንደታሰረ ይቀራል፣ የሚለወጠው የወሩ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በአንድ መስመር ሞክሮ ማየት ይበቃል።

በዚሁ ምሳሌ እንቀጥል። እስካለፈው የተሠራው 1,540,900 ብር ቢሆን የወሩ ሥራ 321,500 ነው። 5 በመቶ መያዣ 16,075፤ ቅድሚያ ክፍያው 20 በመቶ ተሰጥቶ በዚያው ልክ የሚመለስ ከሆነ 64,300፤ የሚቀረው 241,125 ብር። ቫቱ 15 በመቶ በየትኛው ድምር ላይ እንደሚያርፍ በውሉና በሂሳብ ክፍሉ ተወስኖ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ መስመሮቹ ውስጥ አይግባ። ተቀናሽ ግብሩም እንዲሁ። ለዓመታት 2 በመቶ የነበረው በአዋጅ ማሻሻያ ሲቀየር፣ በየፋይላቸው ቀመር ውስጥ 0.02 ብለው የጻፉ ሰዎች ፋይል በፋይል ማደን ነበረባቸው። ከመጋዘን ለንዑስ ተቋራጩ የወጣ ዕቃ፣ የተሰበረ ብሎኬት፣ የተከራየ ቫይብሬተር የመሳሰለው ተቀናሽ ከመጠን ላይ በፍጹም አይቀነስ። ተቀናሽ የራሱ መስመር አለው። ከካሬው ላይ «ትንሽ አውርደንለታል» የሚባል ነገር የሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ልኬት ሲገባ ተመልሶ ይከፈላል።

ቀን። ፈረንጅ የሠራው ሶፍትዌር ጳጉሜን አያውቅም። የክፍያ ጊዜው ከጥር 1 እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ከሆነ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2026 ነው። ቀኑ ሳይለወጥ 30/5/2018 ተብሎ ከገባ ሶፍትዌሩ እንደ ሜይ 30 ቀን 2018 ያነበዋል፤ ውሉ ከመፈረሙ ከዓመታት በፊት። 30/2/2018 የሚለው የጥቅምት 30 ቀን ደግሞ እነሱ ጋ የሌለ ቀን ስለሆነ ይመለሳል፤ መመለሱ ዕድል ነው። ጳጉሜን 5ን 5/13/2018 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ወር የሚያስቀድመው አሜሪካዊው አጻጻፍ ሜይ 13 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። የሚሻለው ቀንን በጅምላ ፋይል ውስጥ ጨርሶ አለማስገባት ነው። የክፍያ ጊዜው በሶፍትዌሩ ላይ አንድ ጊዜ በእጅ ይከፈታል፤ ፋይሉ መጠን ብቻ ይዞ ይመጣል። ሂሳብ ክፍሉ ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ የሚፈጠረው ግርግርም በዚህ በከፊል ይቀንሳል።

ከመጫን በፊት አራት ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ኮምፒውተር ላይ አይደለም፣ ወረቀት ላይ። የመስመሩ ብዛት፣ እስከ ዛሬ ያለው የብር ድምር፣ የዚህ ወር የብር ድምር፣ አራተኛው ደግሞ የሁሉም መጠን ድምር። አራተኛው ያስቃል፤ ካሬን ከኪሎና ከሜትር ኩብ ጋር ደምሮ ምን ይገኛል? ምንም። ግን አንድ መስመር ከጠፋ ወይም 84.6 የነበረው 8,460 ከሆነ ይህ ትርጉም የለሽ ድምር ያሳብቃል። ከዚያ ሦስት መስመር ብቻ ያለው ፋይል ይጫናል፤ አንድ በካሬ፣ አንድ በኪሎ፣ አንድ በዜሮ የሚያልቅ ኮድ ያለው። ሦስቱ ልክ ከሆኑ ሙሉው ይገባል። ሙሉው ከገባ በኋላ ማያ ገጹን ማየት አይበቃም፤ ዝርዝሩ ከሶፍትዌሩ እንደገና ይወጣና ከተጫነው ጋር መስመር በመስመር ይቀናነሳል። ልዩነቱ ዜሮ መሆን አለበት።

የብሩ ድምር ግን በሳንቲም ሊለያይ ይችላል። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን መስመር በሁለት አሃዝ ያጠጋጋል፣ ኤክሴል ደግሞ ሳያጠጋጋ ይደምራል። በአንድ መስመር የሚፈጠረው ልዩነት ቢበዛ ግማሽ ሳንቲም ነው፤ በ186 መስመር ቢበዛ 93 ሳንቲም። ስለዚህ የአንድ ብር ልዩነት ማጠጋጋት አይደለም። አንድ ብር ከሃያ ሳንቲም ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ እርስ በርሳቸው የተካካሱ ሁለት ትልልቅ ስህተቶችን እያለፈ ሊሆን ይችላል።

መብራትና ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ሳይት ላይ፣ ለምሳሌ መንዝ ውስጥ ከስልክ ዳታ ላይ የሚጭን ሰው፣ ግንኙነቱ መሃል ላይ ቢቋረጥ ወዲያው እንደገና አይጫን። የገባውን ያህል መጀመሪያ አውጥቶ ይቁጠር። ጠቅላላ መጠን ብቻ የያዘና መለያ ያለው ፋይል ሁለቴ ቢጫን ጉዳት የለውም፤ ያው ቁጥር በዚያው ቁጥር ላይ ይጻፋል። የወሩን መጠን የያዘ ወይም መለያ የሌለው ፋይል ግን ሁለቴ ሲጫን ሊደርብ ይችላል። አንድ ዓምድ ብቻ የምለው ለዚህም ነው።

ሁሉም ነገር መስተካከል ያለበት ሰርተፊኬቱ ረቂቅ ላይ እያለ ነው። የሳይት ኢንጂነሩ ፈርሞ፣ ተቆጣጣሪው አይቶ፣ ንዑስ ተቋራጩ የቫት ደረሰኝ ከቆረጠ በኋላ በጅምላ ማደስ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው እርማት ክሬዲት ኖት ወይም ዴቢት ኖት (የተቆረጠውን ደረሰኝ የሚቀንስ ወይም የሚጨምር ሰነድ) ነው፤ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ላይ የገባውም በዚያው ይስተካከላል። ስለዚህ ደረሰኝ ከመቆረጡ በፊት ህትመቱ ለካፖው (ለሠራተኞቹ አለቃ) ይሰጥና አንድ ቀን ይደር። ካፖው ሶፍትዌር አይከፍትም፤ ግን የየቀኑን ሥራ የጻፈበት ደብተር አለው፣ ግድግዳውንም በክፍል በክፍል ያውቀዋል። ህትመቱ ላይ ዓምዶቹ «እስከ ዛሬ»፣ «እስካለፈው»፣ «የዚህ ወር» በሚል ቅደም ተከተል ይውጡ፤ መለኪያው ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፍ፤ 3.1 እና 3.10 በአንድ ገጽ ላይ ቢውሉ ጥሩ ነው። ከደብተሩ ጋር ያልገጠመውን መስመር በእስክሪብቶ ያከብበዋል፤ የተከበበው ሄዶ በሜትር ይለካል።